ምድጃና ስሌት፦ አዲስ ቁስ እንዴት ይገኛል?

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2023 መጨረሻ «ኔቸር» የተባለው የሳይንስ መጽሔት በአንድ ቀን ሁለት ጥናቶችን ይዞ ወጣ። በአንደኛው የጉግል ዲፕማይንድ ተመራማሪዎች «ኖም» በተባለ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥርዓት 2.2 ሚሊዮን አዳዲስ የክሪስታል አወቃቀሮችን ተንብየናል፣ ከእነዚህም 380 ሺህ ያህሉ ሳይፈርሱ ጸንተው ሊኖሩ ይችላሉ አሉ። ሁለተኛው በካሊፎርኒያ ከሚገኘው ከሎውረንስ በርክሌይ ብሔራዊ ላቦራቶሪ የመጣ ነው። ዱቄት የሚመዝን፣ የሚቀላቅል፣ ምድጃ ውስጥ አስገብቶ የሚያወጣና የተገኘውን በኤክስሬይ የሚመረምር ሮቦት በ17 ቀናት ውስጥ ከታቀዱለት 58 ውህዶች 41ዱን ሠራ ይላል። ዜናው በፍጥነት ተሰራጨ። የሰው ልጅ እስከ ዛሬ ካወቀው የሚበልጥ የቁስ ዓይነት በአንድ ጊዜ ተገኘ ብለው የተረዱት ጥቂቶች አልነበሩም።

ብዙም ሳይቆይ ሌላ ድምፅ ተሰማ። የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ሮበርት ፓልግሬቭና የፕሪንስተኗ ሌስሊ ሾፕ ከባልደረቦቻቸው ጋር የሮቦቱን ውጤቶች መርምረው፣ አዲስ የሚባል ቁስ አላገኘንበትም አሉ። እንደ እነሱ አባባል፣ አዲስ ከተባሉት ብዙዎቹ ቀድሞ የሚታወቁ ውህዶች ናቸው። በእውነተኛው ዱቄት ውስጥ የተለያዩ አቶሞች በአንድ ዓይነት ቦታ ላይ ያለ ሥርዓት ተደባልቀው ይቀመጣሉ። ስሌቱ ግን ለእያንዳንዱ አቶም ቋሚ ቦታ ስለሚሰጠው፣ ያው አሮጌ ውህድ አዲስ መስሎ ይታያል። በሳንታ ባርባራ የሚሠሩት ኬሚስቶች አንቶኒ ቺተምና ራም ሴሻድሪ ደግሞ የዲፕማይንድን ዝርዝር ተመልክተው፣ አዲስም አሳማኝም ጠቃሚም የሆነ ውህድ ለመኖሩ ማስረጃው ጥቂት ነው ሲሉ ጻፉ። የበርክሌይ ሰዎችም ዝም አላሉም። ዋናው ዓላማቸው ራሱን ችሎ የሚሠራ ላቦራቶሪ የት ድረስ መሄድ እንደሚችል ማሳየት እንደነበር ገልጸው ሥራቸውን ተከላከሉ።

ማን ረታ የሚለውን ለመናገር መቸኮል አያስፈልግም። ሙግቱ ከሮቦቱም ከሰው ሠራሽ አስተውሎቱም በፊት የነበረ ነው። የጠጣርና የፈሳሽ ነገሮችን ውስጣዊ ባህርይ በሚያጠናው በኮንደንስድ ማተር ፊዚክስ ውስጥ ሁለት ዝንባሌዎች ለረጅም ጊዜ ጎን ለጎን ኖረዋል። አንዱ «አስቀድመህ አስላ፣ ከዚያ ሥራ» ይላል። ሌላው «ሥራ፣ ለካ፣ ምክንያቱ በኋላ ይደረስበታል» ይላል። ለአጻጻፍ እንዲመች የመጀመሪያውን የስሌት ወገን፣ ሁለተኛውን የምድጃ ወገን ልበላቸው። በተግባር አብዛኛው ተመራማሪ ከሁለቱም የሚነካካ መሆኑን ግን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

የስሌት ወገን የመጀመሪያ ክርክሩ የብዛት ነው፤ ቀላል ክርክርም አይደለም። ለሥራ የሚሆኑ ንጥረ ነገሮችን በግርድፉ 100 ብንል፣ ከእነሱ ሦስት ሦስቱን እየመረጡ ማጣመር 161,700 ምርጫ ይሰጣል። አራት አራት ሲሆን ቁጥሩ ከ3.9 ሚሊዮን ያልፋል። ይህ ገና ምን ያህል ከየትኛው የሚለውንና አቶሞቹ በምን ቅርጽ እንደሚደረደሩ ሳንጨምር ነው። አንዱን ጥምረት በወጉ ሠርቶ መለካት ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስዳል። ስለዚህ አስቀድሞ የሚያጣራ ነገር ከሌለ የዓለም ላቦራቶሪዎች ሁሉ ቢተባበሩም ከዳር አይደርሱም። በ1964 እና በ1965 ዋልተር ኮን ከፒየር ሆኸንበርግና ከሉ ጄው ሻም ጋር ባወጣቸው ጽሑፎች መሠረቱን የጣለው የስሌት ዘዴ ይህን ማጣራት የሚቻል አደረገው። ኮን በዚህ ሥራው በ1998 በኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። ዘዴው በጥቅሉ የእያንዳንዱን ኤሌክትሮን ጉዞ ከመከተል ይልቅ የኤሌክትሮኖቹን አጠቃላይ ጥግግት ይዞ የቁሱን ጉልበት ያሰላል።

የስሌት ወገን የተሳኩለት ትንቢቶችም አሉት። በ2006 አንድሬ በርኔቪግ፣ ቴይለር ሂዩዝና ሹቼንግ ዣንግ፣ ከሜርኩሪና ከቴሉሪየም የተሠራ እጅግ ስስ ንጣፍ ውፍረቱ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ውስጡ ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ፣ ጠርዙ ግን የሚያሳልፍ ይሆናል ብለው ጻፉ። በሚቀጥለው ዓመት በጀርመን ቩርትስቡርግ የሎረንስ ሞለንካምፕ ቡድን ንጣፉን ሠርቶ ለካ፤ የተባለው ሆነ። ከዚያ ወዲህ «ቶፖሎጂካል» የሚባሉት ቁሶች ጥናት ራሱን የቻለ ሰፊ ዘርፍ ሆኗል። በሌላ በኩል በ2014 የቻይና ተመራማሪዎች፣ የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ያለው የሃይድሮጅንና የሰልፈር ጋዝ በከባድ ግፊት ሲታመቅ፣ በ200 ኬልቪን አካባቢ ኤሌክትሪክን ያለ አንዳች ብክነት የሚያስተላልፍ ሱፐርኮንዳክተር ይሆናል የሚል ስሌት አወጡ። በ2015 በማይንትስ የሚካኤል ኤሬሜትስ ቡድን ጋዙን በሁለት አልማዞች መካከል ወደ 1.5 ሚሊዮን ከባቢ አየር በሚጠጋ ግፊት ጨምቆ 203 ኬልቪን፣ ማለትም ከዜሮ በታች 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ውጤቱን አየ። በዚህ ልክ የተቀራረበ ትንቢትና ልኬት በሱፐርኮንዳክተር ታሪክ ብዙ ጊዜ አላጋጠመም።

እዚህ ላይ የምድጃ ወገን እጁን ያነሣል። የአልማዙ ሙከራ ድንቅ ነው፤ ነገር ግን ናሙናው ከፀጉር ውፍረት ያነሰ ነው፣ ግፊቱ ሲለቀቅም ባህርይው አብሮ ይጠፋል። ሽቦ አይሠራበትም። ከዚህም የከበደ ተቃውሞ አለ። የተለመደው ስሌት በፍጹም ዜሮ ሙቀት፣ እንከን የሌለበትና አቶሞቹ ሁሉ በቦታቸው ያሉበት ክሪስታል ያስባል። ኤሌክትሮኖች እርስ በርሳቸው በኃይል በሚገፋፉባቸው ቁሶች ላይ ሲሆን ደግሞ በግልጽ ይስታል። የላንታነም፣ የመዳብና የኦክሲጅን ውህድ ጥሩ ምሳሌ ነው። ቀላሉ ስሌት ብረታ ብረት ነው ሲል፣ በእውኑ ግን ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ማግኔታዊ ቁስ ነው። ይህ ተራ ስህተት ነው ብሎ ማለፍ በተቻለ ነበር። ችግሩ ውህዱ ለዘርፉ ትልቅ ግኝት መነሻ የሆነው ራሱ መሆኑ ነው።

ግኝቱ የ1986ቱ የጆርጅ ቤድኖርዝና የአሌክስ ሙለር ነው። ሁለቱ ሰዎች በዙሪክ አቅራቢያ ባለው የአይቢኤም ላቦራቶሪ ከ1983 ጀምሮ በኦክሲጅን ውህዶች ውስጥ ሱፐርኮንዳክተር ሲፈልጉ ነበር። በኒኬል ውህዶች ላይ ረጅም ጊዜ ደክመው የጨበጡት ነገር አልነበረም። ከዚያ ወደ መዳብ ዞሩ። ላንታነምን በከፊል በባሪየም ተክተው የሠሩት ሸክላ መሰል ጥቁር ቁስ በ30 ኬልቪን አካባቢ ሱፐርኮንዳክተር የመሆን ምልክት አሳየ። በዚያን ጊዜ ክብረ ወሰኑ በ1973 የተመዘገበው 23 ኬልቪን ገደማ ነበር። ጽሑፋቸውን ሲያወጡ በርዕሱ ላይ «ሊሆን የሚችል» የሚል ቃል አስቀመጡ፤ እንዲህ ያለው ጥንቃቄ ዛሬም ቢለመድ እመርጣለሁ። በ1987 መጀመሪያ ፖል ቹና ማው-ኩን ዉ ላንታነምን በኢትሪየም በተካ ሌላ ውህድ 93 ኬልቪን ደረሱ። ይህም ከፈሳሽ ናይትሮጅን መፍያ ነጥብ፣ ከ77 ኬልቪን በላይ ነው። በዚያው ዓመት ቤድኖርዝና ሙለር የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ቁሶቹ ለምን እንዲህ እንደሚሆኑ ግን ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላም ሁሉም የተስማማበት ንድፈ ሐሳብ የለም።

የምድጃ ወገን ይህን ታሪክ ሲያነሣ ደረቱን ይነፋል፤ መብቱም ነው። ሌላም ይጨምራል። ሃይኬ ካመርሊንግ ኦንስ በ1911 በላይደን ሜርኩሪን ሲያቀዘቅዝ በ4.2 ኬልቪን ላይ የኤሌክትሪክ መሰናክሉ ድንገት ሲጠፋ ያየው ማንም ሳይተነብይለት ነው። ሂዴኦ ሆሶኖ በቶኪዮ የብረት ውህዶችን ያጠና የነበረው ለሌላ ዓላማ፣ ለሴሚኮንዳክተር ነበር። በ2008 ብረትና አርሴኒክ ባለበት ውህድ 26 ኬልቪን ሲያገኝ፣ ማግኔታዊው ብረት የሱፐርኮንዳክተር ጠላት ነው የሚለው የቆየ እምነት ተናጋ። በጥቂት ወራት ውስጥ የቻይና ላቦራቶሪዎች ያንኑ ቤተሰብ ይዘው 55 ኬልቪን አደረሱት። ከታሰበው መንገድ ውጭ የሆነ ነገር የሚያመጣው ቁሱ ራሱ ነው ይላሉ እነዚህ ሰዎች፤ ማሽን ደግሞ የሚማረው ከታወቀው ነውና ያልታወቀውን እንዴት ይጠቁማል?

ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ የዙሪኩን ታሪክ በጥሞና ላነበበው ሰው፣ ድል የምድጃው ብቻ አይደለም። ሙለር ፍለጋውን የጀመረው ኤሌክትሮንና የክሪስታሉ መዛባት እንዴት እንደሚተሳሰሩ ከሚያስረዳ ንድፈ ሐሳብ ተነሥቶ ነው። ንድፈ ሐሳቡ ለመጨረሻው ማብራሪያ በቂ ላይሆን ይችላል፤ የት መፈለግ እንዳለበት ግን ነግሮታል። በአንጻሩ የምድጃ ወገን አባት ሊባል የሚችለው በርንድ ማቲያስ፣ በልምድ ላይ ቆሞ ያወጣቸው ደንቦች ነበሩት። አቀማመጡ የተመጣጠነ ክሪስታል ፈልግ፣ ከኦክሲጅን ራቅ፣ ከማግኔት ራቅ፣ ኤሌክትሪክ ከማያስተላልፍ ነገር ራቅ። ከቲዎሪስቶችም ራቅ ይል ነበር እየተባለ በሙያው ሰዎች ዘንድ እስከ ዛሬ በፈገግታ ይነገራል። እነዚህ ደንቦች ብዙ ውህዶችን አስገኝተዋል። ከእነሱም አንዱ እሱና ባልደረቦቹ በ1954 ያገኙት፣ ዛሬ ለከባድ ማግኔቶች ሽቦ የሚሆነው የኒዮቢየምና የቆርቆሮ ውህድ ነው። ግን ኦክሲጅንንና ማግኔትን የሚሸሽ ሰው የ1986ቱንም የ2008ቱንም በር ዘግቶ ነው የሚያልፈው። ልምድም እንደ ስሌቱ ካለፈው ይማራል፤ እንደ ስሌቱም ካለፈው ውጭ ላለው ይታወራል።

የምድጃው ወገን ሌላም ድክመት አለው፤ እሱ ግን በዝምታ የሚያልፍ ነው። ሳይታሰብ የተገኘውን እናከብራለን፤ ሳይታሰብ ምንም ያልተገኘበትን ምድጃ ማንም አይቆጥረውም። ስለዚህ ዕድልና ልምድ ስንት ጊዜ እንደ ሠሩ እናውቃለን፣ ስንት ጊዜ እንደ ከሸፉ ግን አናውቅም። የስሌት ወገን ቢያንስ ትንቢቱን አስቀድሞ ስለሚጽፍ መሳቱ ይታያል። ፓልግሬቭና ሾፕ ሊተቹ የቻሉት መረጃው በይፋ ስለ ተቀመጠ ነው፤ ይህንን ለበርክሌይ ቡድን ልንነፍገው አይገባም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኔን የሚያቆመኝ የማግኒዥየም ዳይቦራይድ ጉዳይ ነው። ውህዱ ከ1950ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የታወቀ ነበር። በጠርሙስ ታሽጎ ከኬሚካል ሻጮች ይገዛ ነበር። በጃንዋሪ 2001 የቶኪዮው ጁን አኪሚትሱ በ39 ኬልቪን ሱፐርኮንዳክተር መሆኑን አስታወቀ። ይህን ያህል ዘመን መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ማንም አቀዝቅዞ አልለካውም። የምድጃ ሰዎች አልፈውታል፤ ልምዳቸው እንዲህ ቀለል ካሉ ንጥረ ነገሮች ይልቅ ወደ ኒዮቢየምና ወደ መሰሎቹ ይመራ ነበርና። የስሌት ሰዎችም አልፈውታል። ይህ ከሁሉ ይገርማል፤ ምክንያቱም ውህዱ የሚገዛው በ1957 በወጣው የባርዲን፣ የኩፐርና የሽሪፈር የሱፐርኮንዳክተር ንድፈ ሐሳብ ነው፣ ግኝቱ በተሰማ በጥቂት ወራት ውስጥም ስሌቱ ጥሩ አድርጎ አስረድቶታል። መሣሪያው በእጃቸው ነበር። ጥያቄውን ያቀረበለት አልነበረም።

ተመሳሳይ ነገር ከዙሪክ በፊት በፈረንሳይም ሆኗል። የላንታነም፣ የባሪየምና የመዳብ ኦክሳይዶችን በካን ከተማ የበርናር ራቮ ቡድን ሠርቶ በ1985 አሳትሟቸው ነበር። እነሱን የሳበው ግን በከፍተኛ ሙቀት ያላቸው የማስተላለፍ ባህርይ እንጂ የቅዝቃዜው ጫፍ አልነበረም። ቤድኖርዝ ጽሑፋቸውን አንብቦ ቁሱን አቀዘቀዘው። በዚህ ፈረንሳዮቹን መውቀስ ፍትሕ አይመስለኝም፤ ላቦራቶሪ ሁሉ የሚለካው የሚፈልገውን ነው።

እንግዲህ ሁለቱም ምሳሌዎች አንድ ነገር ይጠቁማሉ። ጎድሎ የነበረው የውህድ ስም አይደለም፣ የተሠራ ናሙናም አይደለም፤ ትክክለኛው ጥያቄ ለትክክለኛው ናሙና አለመቅረቡ ነው። ይህ እውነት ከሆነ፣ 2.2 ሚሊዮን አዲስ ስም መጨመር በራሱ ችግሩን አይፈታም፤ መደርደሪያውን ያረዝመዋል። ምድጃ ማብዛትም ብቻውን አይፈታውም።

ከዚህ ተነሥቶ ግን ስሌትን ወደ ዳር መግፋት ስህተት ይሆናል፤ የስሌት ትልቁ አገልግሎት ምናልባት በአሮጌው መደርደሪያ ላይ ነውና። በ2019 ሦስት ቡድኖች በየፊናቸው ቀድመው የታወቁ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ክሪስታሎችን በአንድ የተወሰነ ጥያቄ ፈተሹ፦ የኤሌክትሮኖቻቸው አደራደር ቶፖሎጂካል ነው ወይስ አይደለም? ከእነሱ በአንዱ ጥናት መሠረት ከሩብ በላይ የሚሆኑት ነበሩ። ቀደም ሲል እንደ ልዩ ነገር ይፈለግ የነበረው ባህርይ በየቦታው ተኝቶ ተገኘ። ቢስመዝ ሴሌናይድም ከዚያ በፊት እንዲሁ ነበር። የሱ ቅርብ ዘመድ የሆነው ቢስመዝ ቴሉራይድ ለዓመታት ለኤሌክትሪክ ማቀዝቀዣ ሲያገለግል ኖሯል፤ በ2009 አካባቢ ሁለቱም ወለላቸው እንደ ብረት የሚያስተላልፍ ቶፖሎጂካል ቁሶች መሆናቸው ተረጋገጠ። ስሌት በዚህ መልኩ ሲሠራ አዲስ ስም አይጨምርም፤ የታወቀውን መልሶ ያስጠይቃል። የምድጃ ወገን ለዚህ ተገቢውን ክብር የሚሰጥ አይመስለኝም።

በሌላ ጫፍ ደግሞ ስሌት የሌለበትን ጉልበት ሲሰጡት ምን እንደሚሆን የ2023 አጋማሽ አሳይቷል። በጁላይ የደቡብ ኮሪያ ተመራማሪዎች «ኤልኬ-99» የተባለ፣ መዳብ የገባበት የእርሳስ ውህድ በክፍል ሙቀትና ያለ ግፊት ሱፐርኮንዳክተር ነው አሉ። ቁራጩ ማግኔት ላይ በከፊል ተነሥቶ ሲቆም የሚያሳይ ቪዲዮ ዓለምን አዳረሰ። በቀናት ውስጥ የወጣ አንድ ስሌት ውህዱ ውስጥ ትኩረት የሚስብ የኤሌክትሮን አደራደር ሊኖር እንደሚችል ሲያመለክት፣ ብዙ ሰው ማረጋገጫ አድርጎ ወሰደው፤ ስሌቱ ግን ሱፐርኮንዳክተር ነው አላለም ነበር። ነገሩን የዘጋው የምድጃ ሥራ ነው። ናሙናው ውስጥ አብሮ የተፈጠረው የመዳብና የሰልፈር ውህድ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ አወቃቀሩን ስለሚቀይር የኤሌክትሪክ መሰናክሉ በድንገት ይወርዳል፤ ሱፐርኮንዳክተር ያስመሰለው እሱ ነበር። በሽቱትጋርት የማክስ ፕላንክ ተቋም ከዚህ ባዕድ ነገር የጸዳ ክሪስታል ሲሠራ፣ የተገኘው ብርሃን የሚያሳልፍና ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ቁስ ሆነ።

ይህን ታሪክ የምድጃው ወገን እንደ ድል ሊቆጥረው ይችላል፤ የመጀመሪያው ስህተት የተፈጠረውም በምድጃ መሆኑን ግን መርሳት የለበትም። የሮቼስተሩ ራንጋ ዲያስ ቡድን በክፍል ሙቀት ሱፐርኮንዳክተር አገኘን ብሎ በ2020 እና በ2023 በኔቸር ያሳተማቸው ሁለት ጽሑፎችም በመጽሔቱ ተሰርዘዋል፤ እነሱም ተለካ ተብለው የቀረቡ እንጂ የተሰሉ ብቻ አልነበሩም። እጅ የነካው ሁሉ እውነት አይደለም። እውነት የሚሆነው ሌላ እጅ ሲደግመው ነው።

ስሌትና ምድጃ አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ ግን ሳይንቅ የሠራበት ምሳሌ ከተፈለገ ጠመዝማዛው ግራፊን አለ። በ2011 ራፊ ቢስትሪትዘርና አለን ማክዶናልድ፣ ሁለት የግራፊን፣ ማለትም የአንድ አቶም ውፍረት ያላቸው የካርቦን ንጣፎች አንዱ በሌላው ላይ 1.1 ዲግሪ ያህል ዞሮ ቢቀመጥ ኤሌክትሮኖቹ እጅግ ዝግ እንደሚሉ አሰሉ። በ2018 የኤምአይቲው ፓብሎ ሃሪዮ-ኤሬሮ ቡድን ያንን አንግል ይዞ ሠራው። በ1.7 ኬልቪን ሱፐርኮንዳክተር ሆነ፤ ይህን ደግሞ የ2011ዱ ስሌት አልተናገረም ነበር። ቦታውን ስሌት አሳየ፤ ቦታው ላይ ያለውን ነገር ያየው ልኬት ነው።

ከዚህ ሥራ ጀርባ ስማቸው በአርዕስተ ዜና የማይወጣ ሁለት ሰዎች አሉ። ግራፊኑ ንጹሕ ሆኖ እንዲለካ ቦሮን ናይትራይድ በተባለ ክሪስታል መታቀፍ አለበት። ጥራቱ የታመነውን ይህን ክሪስታል በጃፓን ጹኩባ ታካሺ ታኒጉቺና ኬንጂ ዋታናቤ በግዙፍ የግፊት ማሽን እያበቀሉ በመቶ ለሚቆጠሩ የዓለም ላቦራቶሪዎች ያድላሉ። ለምድጃ ሥራ የሚቀርበውን ክርክር ከዚህ የበለጠ የሚያጠናክር ማስረጃ አላውቅም፤ አንድ ሙሉ ዘርፍ በሁለት ሰዎች ትዕግሥት ላይ ተንጠልጥሏል። ለምድጃ ወገን የሚያሳስበውም ይኸው ነው። በእጅ ያለ ጥበብ በጽሑፍ ካልተላለፈ ከባለቤቱ ጋር ጡረታ ይወጣል። ስሌቱ የወጡን ዓይነት ይነግራል እንጂ አሠራሩን አይነግርም፤ አሠራሩን የሚያውቁት ደግሞ ብዙ ጊዜ አይጽፉትም።

የገንዘቡ ጥያቄ ለእኛ አገር አንባቢ ቅርብ ነው። ፈሳሽ ሂሊየም ማዘጋጀት ወይም ማስመጣት፣ የኤክስሬይና የማግኔት መለኪያዎችን መትከልና መጠገን ለአብዛኛው የአፍሪካ ዩኒቨርሲቲ ከባድ ነው። ስሌት በአንጻሩ ኮምፒዩተርና ትዕግሥት ይጠይቃል። ከትሪየስቴ አካባቢ የወጣው «ኳንተም ኤስፕሬሶ» የተባለው የስሌት ፕሮግራም በነጻ ይገኛል፤ ከ2010 ጀምሮ በተለያዩ የአፍሪካ አገሮች እየተዘዋወረ የኤሌክትሮን አወቃቀር ስሌት የሚያስተምር ትምህርት ቤትም አለ። አዲስ አበባ ያለ ተማሪ ከዓለም ጋር እኩል የሚቆምበት በር ይህ ነው የሚሉ መምህራን አሳማኝ ነገር ይናገራሉ። የሚያመነቱትም እንዲሁ። ሁሉም አስሊ ከሆነ ትንቢታችን የሚረጋገጠው በሌላ ሰው ምድጃ፣ በሌላ ሰው ጊዜና በሌላ ሰው ፈቃድ ይሆናል።

እዚህ ላይ ትንሽ ላዘንብል። ምድጃው እንደሚፈራው ውድ አይደለም። የ1987ቱ የኢትሪየም ውህድ ዱቄት ፈጭቶ፣ ቀላቅሎና በኦክሲጅን ተኩሶ የሚሠራ ነው፤ በብዙ አገሮች ተማሪዎች በፈሳሽ ናይትሮጅን ይለኩታል። በጀቱ ጠባብ ለሆነ ክፍል የሚሻለው፣ ኮምፒዩተሩን ዋና አድርጎ ከጎኑ አንድ መጠነኛ ምድጃና እሱን የሚያውቅ ሰው ማቆየት ይመስለኛል። ተማሪው ያሰላውን አንድ ቀላል ውህድ እንኳ በእጁ ሠርቶ ካየ በኋላ የሚያሰላበት መንገድ ይለወጣል የሚል ግምት አለኝ፤ ግምት መሆኑን አልክድም።

ሰፋ አድርገን ስናየው ደግሞ ሁለቱም ወገን አንዳንድ ነገር ቢለቅ አይጎዳም። የስሌት ወገን ዝርዝሩን «እጩ» ብሎ ቢጠራ፣ «ተገኘ» የሚለውን ሌላ ላቦራቶሪ ሠርቶ እስኪለካው ቢያቆይ ክብሩ አይቀንስም። የምድጃ ወገን ደግሞ ለገንዘብ ሰጪዎች ሁሉንም ነገር በልምድና በዕድል ከማስረዳት ይልቅ፣ ከምድጃው ጊዜ የተወሰነውን ስሌት ለመረጠው፣ የተወሰነውን ደግሞ ስሌት ለናቀው እንደሚያውል በግልጽ ቢናገር ይሻላል። ክፍፍሉ ስንት ለስንት ይሁን ለሚለው አንድ መልስ የለም። ለጋዝና ለግፊት ጥናት ስሌቱ ይበዛ ይሆናል፤ ኤሌክትሮኖች በኃይል ለሚገፋፉባቸው ኦክሳይዶች ምድጃው።

ሁለቱን በተግባር ያገናኘ አንድ ሥራ አለ። በ2016 በፔንሲልቬንያ የሃቨርፎርድ ኮሌጅ ተመራማሪዎች በአሮጌ የላቦራቶሪ ደብተሮች ውስጥ የተኙ፣ ከሽፈው ያልታተሙ ሙከራዎችን ሰብስበው ማሽን አስተማሩባቸው። ማሽኑ የትኛው ቅልቅል ክሪስታል እንደሚሰጥ ሲገምት 89 በመቶ ሲሳካለት፣ የልምድ ሰዎቹ ግምት 78 በመቶ ላይ ቆመ። ጥናቱ በአንድ የውህድ ቤተሰብ ላይ የተወሰነ ነው፤ ለሱፐርኮንዳክተርም ይሠራል ብሎ መደምደም አይቻልም። ልዩነቱም ሰፊ አይደለም። ሆኖም ማሽኑን ያበረታው ማሽኑ ራሱ ሳይሆን የምድጃ ሰዎች ያፈሩበት ደብተር ነው።

ይህ ደግሞ ያልተፈታ የፍትሕ ጥያቄ ያስነሣል። የከሸፈን ሙከራ በጥንቃቄ መዝግቦ ለሌላ ማካፈል ድካሙ የምድጃው ነው፣ ትርፉ ግን በአብዛኛው ወደ ስሌቱ ይሄዳል። መጽሔቶች ለከሸፈ ሙከራ ቦታ የሚሰጡት ጥቂት ነው፤ በማሽን ትንቢት ላይ በሚወጣ ጽሑፍ ደብተሩን የሞላው ሰው ስሙ የት እንደሚገባም የተስተካከለ ልማድ የለም። ለቦሮን ናይትራይድ ላኪዎቹ ሁለት ጃፓኖች ተቀባዮቹ በየጽሑፋቸው ስማቸውን አብረው ያስገባሉ። ለደብተር ባለቤቶችም እንዲሁ ቢደረግ ማን ይቃወማል ብዬ ጠይቄ፣ ከሁለቱም ወገን ተቃዋሚ ሊኖር እንደሚችል አስባለሁ፦ አንዱ የደራሲ ስም ይረክሳል ይላል፣ ሌላው ስም ብቻ ተሰጥቶት ጊዜውና ገንዘቡ እንዳይረሳ ይፈራል።